ፀደይ የሸሸችው ጥያቄ

«እስቲ ለማያውቅ ሰው እንደምታስረጂ አድርገሽ ንገሪኝ» አላት ሚናስ ሚስቱን። «ልዩነታቸው ምንድነው?»

ምሳ በልተው መነሳታቸው ነበር። ወሩ ሐምሌ ነው፤ ኻምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ ከበረሃው ተነስቶ በጅቡቲ ከተማ የካርቲየ 1 ሰፈርን ጠባብ መንገዶች አቧራ የሚያለብስበት፣ ከተማው ከቀትር በኋላ ሱቁንም ቢሮውንም ዘግቶ የሚተኛበት ወር። መብራት ስለጠፋ ቬንቲሌተሩ ቆሟል። ሁለቱም በላብ ተነክረዋል።

ፀደይ መልስ ከመስጠቷ በፊት አሰብ አደረገች። ለዶክትሬት ትምህርት ያመለከተችባቸው ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች በአንድ ሳምንት ውስጥ «ተቀብለንሻል» ብለዋታል። አንዱ አዲስ አበባ ነው፣ ክሊኒካል ሳይኮሎጂ። ሌላው ናይሮቢ ነው፣ ካውንስሊንግ ሳይኮሎጂ። ሁለቱም እስከ ሐሙስ ድረስ ቁርጡን ማወቅ ይፈልጋሉ።

«ካውንስሊንጉ» አለች፣ «ኑሮ የከበደውን ሰው ነው ይበልጥ የሚያየው። ሐዘን የደረሰበትን፣ ትዳሩ የፈረሰበትን፣ ሰው አገር መጥቶ ግራ የተጋባውን። ክሊኒካሉ ደግሞ ጭንቀቱ ከዚያ አልፎ ሕመም የሆነበትን ሰው ይመረምራል፣ ያክማል። ትምህርቱም ሆስፒታል ውስጥ ነው፣ የአእምሮ ሕሙማን ክፍል፣ ከሐኪሞች ጋር። መሃል ላይ ግን ብዙ የሚጋሩት አለ። ስማቸው ነው እንጂ ምኑም አይለያይ የሚሉም አሉ።»

«አንቺ አሁን የምትሠሪው የትኛውን ነው?»

«የመጀመሪያውን።»

«ታዲያ ምኑ ነው የሚያስጨንቀው? የምትችይውን ተማሪያ! የናይሮቢው በኢንተርኔት ነው፣ ልምምዱንም እዚሁ መጠለያው ውስጥ ሥሪ ብለውሻል። የአዲስ አበባው ግን...» ሚናስ ጨርሶ ሳይናገር ተወው። ከተነሳበት ተመልሶ ተቀመጠ። «እኔ ሁለተኛ ብቻዬን መኖር አልችልም ፀደይ። ነግሬሻለሁ።»

ነግሯታል። ሚናስ ወደብ ላይ ለአንድ የትራንዚት ድርጅት የኢትዮጵያን ጭነት ያስፈጽማል። እሷ ከመምጣቷ በፊት ከሌሎች ወንዶች ጋር ክፍል ተጋርቶ ለዓመታት ኖሯል። በዚያ ጊዜ ስልካቸው እየሳሳ፣ ወሬያቸው እያለቀ፣ ትዳሩ በአፍጢሙ ሊደፋ ትንሽ ነበር የቀረው። ይህን ሁለቱም ያውቁታል፤ ስለማይረሱት አያነሱትም።

ፀደይ የድሬዳዋ ልጅ ናት። አባቷ የባቡር ሠራተኛ ስለነበሩ ያደገችው ከሁሉም ብሔር ልጆች ጋር ነው፤ አማርኛና ኦሮምኛ አፍ የፈታችባቸው ናቸው፣ ሶማሊኛውን ከገበያ ለቃቅማዋለች። ፈረንሳይኛን እዚህ ነው የተማረችው። በሳይኮሎጂ ሁለተኛ ዲግሪዋን ይዛ ጅቡቲ ስትመጣ ሥራ የሚሰጣት አልነበረም። መጀመሪያ ሆስፒታልና ፖሊስ ጣቢያ ለሚገቡ የአገሯ ልጆች በማስተርጎም ጀመረች። ኋላ ማይሙና የሚባሉ ጡረታ የወጡ የጅቡቲ ነርስ ቡላኦስ በሚባለው ሰፈር ለቤት ሠራተኛ ሴቶች መጠለያ ሲከፍቱ «ነይ፣ አንቺ አናግሪልኝ» አሏት። ከአሠሪያቸው ተጣልተው የወጡ፣ በባሕር ሊሻገሩ ሞክረው የከሸፈባቸው፣ የሚያለቅሱበት ቦታ ያጡ ልጆች ይመጣሉ። ፀደይ ታዳምጣቸዋለች። በዚህ የሚስተካከላት አልነበረም፤ አንዳንዷ አንድ ከሰዓት ብቻ አብራት ተቀምጣ ፊቷ ተለውጦ ትወጣለች።

ግን ለሚናስም ያልነገረችው አንድ ነገር አለ። ልጅ ሳለች ጓሯቸው ውስጥ ባለች ክፍል የአባቷ ወንድም ጥሩሰው ይኖር ነበር። ምግቡን የምታደርስለት እሷ ነበረች። ጥሩሰው ከማይታዩ ሰዎች ጋር ያወራል፣ ይከራከራል፣ አንዳንዴም ተንበርክኮ ይለምናቸዋል። ቤተሰቡ «ትንሽ ጨንቆት ነው» እያለ አለፈው። አንድ ቀን ጸበል ተብሎ ተወሰደ፣ እዚያው ሞተ፤ ከዚያ በኋላ ስሙን የሚያነሳ ጠፋ። ፀደይ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ክፍሏ በሙሉ የአእምሮ ሆስፒታል ሊጎበኝ ሲሄድ፣ ገና ከበሩ ራሴን አመመኝ ብላ አውቶቡሱ ውስጥ ቁጭ አለች። ከዚያ ወዲህ ትምህርቷን ስትመርጥ የዚያን በር አቅጣጫ እየሸሸች ነው የመረጠችው። ክሊኒካሉን ያመለከተችውም አንድ የቀድሞ መምህሯ ስለገፋፏት እንጂ ይቀበሉኛል ብላ አልነበረም።

በዚያ ሐምሌ መጠለያው ከሚመላለሱት መካከል ሀዊ የምትባል ልጅ ነበረች። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው፤ የሐረርጌ ገጠር ልጅ። ሆዳን በሚባለው ሰፈር ሐዲጃ የምትባል የጨርቅ ነጋዴ ቤት ትሠራለች። ሐዲጃ ራሷ ናት እጇን ይዛ ያመጣቻት። አማርኛን ከሠራተኞቿ የተማረች የጅቡቲ ሶማሌ ስለሆነች ሴቱንም ወንዱንም «እሱ» እያለች ነው የምታወራው።

«ይሄ ልጅ ጥሩ ልጅ ነው» አለቻት ለፀደይ። «ሥራ ያውቃል፣ ሌባ አይደለም። ግን አይተኛም፣ አይበላም። ብቻውን ያወራል። ደግሞ ቧንቧ ይከፍታል፣ ይተወዋል። ውሃ ዝም ብሎ ይሄዳል፣ እሱ አጠገቡ ቆሟል።»

የሀዊ ታሪክ ቶሎ ነው የወጣው። ታላቅ ወንድሟ ሁንዴ ከአገር አምጥቶ ሐዲጃ ቤት ካስቀጠራት በኋላ፣ እሱ ኦቦክ ከምትባለው የወደብ ከተማ በጀልባ ወደ የመን ተሻገረ። ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም። ጀልባዋ ደርሳለች የሚልም አለ፣ ሰጥማለች የሚልም። ሀዊ ይህን ስትናገር እንባዋ ዝም ብሎ ይወርዳል። «ያናግረኛል እትዬ» አለች አንድ ጊዜ። «ሁንዴ ያናግረኛል።»

ፀደይ አልደነገጠችም። ሐዘንተኛ የሞተበትን ሰው ድምፅ ቢሰማ ያለ ነው፤ እብደትም አይደለም፣ ተምራዋለች። የሀዊ ደግሞ የባሰ ሐዘን ነው፤ ሞተ ብላ እንዳታለቅስ አልሞተም ይሆናል፣ አለ ብላ እንዳትጠብቅ የለም ይሆናል። እንቅልፍ ማጣቷ፣ ምግብ መተዋ፣ የቧንቧው ነገር፣ ሁሉም በዚህ ገጠመላት። ስለ ሁንዴ እንድታወራ አደረገቻት። ልጅቷ ማውራት ጀመረች፣ አንዳንዴም ፈገግ ትላለች። ሐዲጃም ደውላ «በላ! ዛሬ ሩዝ በላ!» ብላ አበሰረቻት።

አንድ ቀን ብቻ፣ ሀዊ እያወራች ሳለ ዓረፍተ ነገሩ መሃል ላይ ቆመች። ከበሩ በኩል የጠራት ያለ ይመስል አንገቷን ዘንበል አደረገች። ፊቷ ላይ የነበረው ሐዘን አልነበረም፤ ተቆጥተው እንደሚያዙት ሰው ነበር የሆነችው። ፀደይ በሩን አየች። ማንም የለም። «አሁን ምን ሰማሽ?» የሚለው ጥያቄ ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ጥሩሰው ትዝ አላት። ጥያቄውን ዋጥ አደረገችና «ሁንዴ ልጅ ሳለ ምን መጫወት ይወድ ነበር?» ብላ ጠየቀች። ሀዊ ሁንዴ ይጫወትባት ስለነበረች የጎማ ኳስ ትነግራት ጀመር።

ረቡዕ ዕለት ፀደይ ወሰነች። ማልዳ ለሚናስ «የናይሮቢውን እቀበላለሁ» አለችው። ሚናስ ደስታውን መደበቅ አልቻለም፤ ወደ ሥራ ሲወጣ ከበሩ ተመልሶ ግንባሯን ሳማት። ከቀትር በኋላ መጠለያው ጸጥ ሲል ኮምፒውተሯን ከፍታ ለአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ ይቅርታ የሚጠይቅ መልእክት ጻፈች። ሳትልከው እንደገና አነበበችው። ስልኳ የጮኸው ያኔ ነው።

«ፀደይ ቶሎ ና!» ሐዲጃ ናት። «ሀዊ ጣሪያ ላይ ነው። ጫፉ ላይ ቁጭ ብሏል። እኔ ስሄድ ይጮኻል። አንተ ና፣ ቶሎ!»

በዚያ ሰዓት ቡላኦስ ውስጥ ታክሲ ማግኘት ከባድ ነው፤ ሹፌሩ ሁሉ ጫቱን ይዞ ጥላ ሥር ተጋድሟል። ፀደይ አንዱን ቀስቅሳ በሶማሊኛም በፈረንሳይኛም ለመነችው። ጉንጩ እንደተወጠረ ተነሳ። መንገዱ ባዶ ስለነበር ይከንፋል፤ ለሷ ግን የቆመ ነው የሚመስላት። በመስኮቱ የሚገባው ነፋስ ፊት ይጠብሳል። «ዛሬ ማለዳ ለሐዲጃ ደውዬ እንዴት ናት ብላት ኖሮ» ትላለች። «ያን ዕለት ጠይቄያት ኖሮ» ትላለች። ከዚህ ወዲያ ማሰብ አልቻለችም።

የሐዲጃ ቤት ባለ ሁለት ፎቅ ነው። ታች ጎረቤት ተሰብስቧል። አንድ ጎልማሳ ስልኩን ወደ ላይ ደግኖ ይቀርጻል፣ ሌላው «ውረጅ! ውረጅ!» እያለ በሶማሊኛ ይጮኻል። ፀደይ «በአላህ፣ ዝም አሰኚያቸው» አለቻት ለሐዲጃ። «አምቡላንስ ከመጣም ድምፁን አጥፍቶ ይምጣ።» ሐዲጃ ሻሿ ከራሷ ወርዶ ወደ ሰዎቹ ሮጠች። ፀደይ ደረጃውን ወጣች።

ጣሪያው ሜዳ ነው፤ የልብስ ማስጫ ገመድ፣ ጥግ ላይ ጥቁር የውሃ ሮቶ፣ ዙሪያውን ከጉልበት የማያልፍ የድንጋይ ግድግዳ። ሀዊ ግድግዳው ላይ ተቀምጣለች፣ አንድ እግሯ ወደ ውጭ። ሌላኛው ባዶ እግሯ ጣሪያው ላይ ነው። ሲሚንቶው በፀደይ ጫማ በኩል ሳይቀር ያቃጥላል፤ ልጅቷ ግን እግሯን አላነሳችም፣ አላሸሸችም። ፀደይን ከሁሉ በላይ ያስፈራት ይህ ነው። ሐዘን እንዲህ አያደነዝዝም።

«ሀዊዬ፣ እኔ ነኝ» አለች በኦሮምኛ። «እዚህ እቆማለሁ። ሳትፈቅጂልኝ አልቀርብም።»

ሀዊ ዞር ብላ አየቻት። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። «ታች ያለው መሬት አይደለም ይለኛል» አለች። «ውሃ ነው ይለኛል። ጀልባው እዚህ ሥር ቆሟል፣ ውረጅ ይለኛል።»

«ማነው የሚልሽ?»

«ሁንዴ።»

ጥያቄው እንደገና መጣ። አሁን ግን ፀደይ የምትሸሽበት አውቶቡስ የለም። «ሁንዴ ብቻውን ነው፣ ወይስ ሌላም አለ?» አለች።

ልጅቷ አፈጠጠችባት።

«እትዬ፣ ሁልጊዜ ስለ ሁንዴ ልጅነት ነው የምትጠይቂኝ። አሁን ምን እያለኝ እንደሆነ ግን አንድ ቀን ጠይቀሽኝ አታውቂም።»

«እውነትሽን ነው። አሁን ልጠይቅሽ?»

«ሌላም አለ። አንድ ሰውዬ። አላውቀውም። ይሰድበኛል። የበላሽው መርዝ ነው፣ ርኩስ ነሽ ይለኛል። አንቺንም ይሰድብሻል። አሁን እየሰደበሽ ነው። አይሰማሽም?»

«እኔ አልሰማውም» አለች ፀደይ። «አንቺ እንደምትሰሚው ግን አምናለሁ። በጣም ይጮኻል?»

ሀዊ ጭንቅላቷን በሁለት እጇ ያዘች፣ እናም እጆቿን ከግድግዳው ስታነሳ ሰውነቷ ወደ ውጭ ዘመም አለ። ከታች አንዲት ሴት ጮኸች። ፀደይ አንድ እርምጃ ተራመደች። «አትምጪ!» አለች ልጅቷ፣ ያኛውንም እግሯን ልታሻግር አነሳች።

ፀደይ ቆመች። የምታውቀውን ሁሉ፣ የሚያጽናናውን ቃል ሁሉ ፈለገች፤ የሚሆን አልነበረም፤ ቃል የሞላበት ጆሮ ላይ ሌላ ቃል መጨመር ነው የሚሆነው። እናም ጠየቀች፦ «ድምፁ የሚቀንስልሽ መቼ ነው? ዝም የሚልበት ጊዜ አለ?»

ሀዊ እግሯን አንስታ እንደያዘች ቀረች። «ውሃ ሲፈስ» አለች። «ውሃ ሲፈስ ይርቃል። ማዳም ግን ትዘጋዋለች።»

የቧንቧው ነገር! ፀደይ ዓይኗን ከልጅቷ ሳትነቅል በጎን በጎን ወደ ሮቶው ሄደች። ከሥሩ የልብስ ማጠቢያ ቧንቧ አለው። እጇ በላብ እየተንሸራተተ መክፈቻውን እስከ መጨረሻው አዞረችው። ፀሐይ ያፈላው ውሃ እየተንዶለዶለ ወጣና ጣሪያው ላይ ተንጣለለ። እየጮኸ ነው የሚፈሰው፤ ፀደይ አንድ የብረት ባልዲ ከሥሩ ስትደቅንበት ደግሞ ድምፁ በረታ።

የሀዊ ትከሻ ዝቅ አለ። ጭንቅላቷን ወደ ውሃው አዞረች።

«ነይ» አለች ፀደይ ድምፅዋን ሳታነሳ። «እዚህ ስትቀርቢ የበለጠ ይሰማሻል። ነይ፣ አብረን እንቁም።»

ልጅቷ ወዲያው አልመጣችም። ሁለት ጊዜ ወደ ታች አየች። ከዚያ በውጭ የነበረውን እግሯን ቀስ አድርጋ ወደ ውስጥ አስገባች፣ በውሃው መሃል እየተራመደች መጣች፣ ባልዲው አጠገብ ቁጢጥ አለችና ጆሮዋን ወደ ቧንቧው አስጠጋች። ፀደይ ክንዷን አጥብቃ ያዘቻት። ሐዲጃ ከደረጃው ብቅ ስትል ሁለቱም ውሃው ውስጥ ተቀምጠው ነበር። «ክፍት ይሁን» አለቻት ፀደይ፣ «እንዳትዘጊው።» ሐዲጃ አልዘጋችውም፤ ቁልቁል እየፈሰሰ ደረጃውን እስኪሞላው ድረስ ቆማ አለቀሰች።

ሆስፒታል የተቀበሏቸው ዶክተር ሙሚን የሚባሉ የአእምሮ ሐኪም ናቸው፤ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ። ኦሮምኛም አማርኛም አያውቁም። የተቃጠለው የሀዊ እግር በፋሻ ሲጠቀለል፣ ዶክተሩ በፈረንሳይኛ ይጠይቃሉ፣ ፀደይ ታስተረጉማለች። ድምፁ መቼ ጀመረ? ያዛታል? ከቤተሰቧ እንዲህ የሆነ አለ? እያንዳንዱን መልስ ፀደይ ራሷም ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የምትሰማው።

ድምፁ የጀመረው ሁንዴ ከመሄዱ በፊት ነበር። አገር ቤት ሳለች። ሰውዬው ነው ቀድሞ የመጣው፣ የሁንዴ ድምፅ ኋላ ነው የተጨመረው። ሁንዴ ያውቅ ነበር። «ለዚህ ነው ጀልባው ላይ ይዞኝ ያልሄደው» አለች ሀዊ። «ባሕሩ መሃል ቢጠሩሽ ምን አደርጋለሁ አለኝ።»

ፀደይ ይህንንም ወደ ፈረንሳይኛ መለሰችው። ሀዊ መድኃኒት ተሰጥቷት ስትተኛ ዶክተሩን ኮሪደር ላይ አስቆመቻቸው።

«እኔ ሐዘን ነው ብዬ ነበር» አለች። «ምልክቱን አይቻለሁ። አልጠየቅኩም።»

«ሐዘንም አለ» አሉ ዶክተር ሙሚን። «ሁለቱ አብረው ሲመጡ እኛም እንሳሳታለን። ግን ለምን አልጠየቁም?»

«መልሱን ስለፈራሁ።»

ዶክተሩ አልወቀሷትም፣ አላጽናኗትምም። ስለ ሁለቱ ትምህርቶች ነገረቻቸው፤ ለምን እንደነገረቻቸው ለራሷም አልገባትም። «አንዱ ከአንዱ አይበልጥም» አሏት። «ደህና የካውንስሊንግ ባለሙያም ይህን ለይቶ ወደ እኛ መላክ ይማራል። ናይሮቢ ቢማሩም ይህ ስህተት አይደገምም። እርስዎ ማወቅ ያለብዎት ለይተው ከላኩ በኋላ በር ላይ መቅረት ይፈልጉ እንደሆነ ነው። እኔ ጋ የእርስዎን ቋንቋ የሚናገሩ ሴቶች ይመጣሉ። ምን እንደሚሰሙ ሳላውቅ ነው መድኃኒት የምሰጣቸው።»

ሐሙስ ጠዋት መጠለያው ስትደርስ ማይሙና ሁሉንም ሰምተዋል። የአዲስ አበባውን እያሰበች መሆኑን ስትነግራቸው እጃቸውን አወናጨፉ። «ከጣሪያ ያወረዳት መርፌ ነው? አንቺ ነሽ! በምትችይው ነው ያወረድሻት። አንቺ ሄደሽ ስታነቢ እነዚህን ልጆች ማን ያዳምጣቸው?»

እውነታቸውን ነው። ከሷ በኋላ መጠለያው ባዶ ይሆናል፤ ይህን አውቃ ነው የምትሄደው፣ ከሄደች።

ሚናስ ለምሳ ሲመጣ ቆማ ጠበቀችው። ጣሪያው ላይ የሆነውን ማታ ነግራዋለች። ሳይቀመጥ ፊቷን አይቶ ገባው።

«ትላንት ማልዳ ምን አልሽኝ?» አላት።

«አውቃለሁ።»

«ልጅቷ ድናለች። ታክማለች። ከዚህ በላይ ምን ትሆኚ?»

ያኔ ስለ ጥሩሰው ነገረችው። ስለ ጓሮው ክፍል፣ ስለ አውቶቡሱ፣ ስለ ዋጠችው ጥያቄ። ሚናስ ሰማ። ሰምቶ ሲጨርስ ይለዝባል ብላ ጠብቃ ነበር፤ እሱ ግን የባሰ ተቆጣ።

«ይህን ሁሉ ዘመን አብረን ስንኖር ዛሬ ነው የምትነግሪኝ? ልትሄጂ ስትይ?»

«ዛሬ ነው ለራሴም የነገርኩት።»

«ብሄድ ትጠብቀኛለህ ወይ ብለሽ አትጠይቂኝም?»

«ትጠብቀኛለህ?»

«አላውቅም» አለ። ቁልፉን አንስቶ ምሳውን ሳይነካ ወጣ።

ፀደይ ብቻዋን ቁጭ አለች። እሱን ተከትላ ልትወጣ በሩ ድረስ ሄዳ ተመለሰች። የይቅርታውን መልእክት አጠፋችና ለአዲስ አበባው «እመጣለሁ» ብላ ጻፈች። ላከችው። ደስታ አልተሰማትም። ለናይሮቢው ስትጽፍ ግን አለቀሰች፤ የምትወደውና የምትችለው ሥራ ያ ነበርና።

ሚናስ ለቀናት አላናገራትም። ቤት ይገባል፣ ይበላል፣ ይተኛል። የምትሄድበት ቀን ሲደርስ ናጋድ ባቡር ጣቢያ ድረስ ሻንጣዋን ተሸክሞ ሸኛት፤ አቅፏትም ተመለሰ። የመጀመሪያዎቹ ወራት ስልካቸው አጭር ነበር። እሷ የሕሙማኑ ክፍል ውስጥ በገባች በመጀመሪያው ሳምንት አንድ አዛውንት ተንበርክከው የማይታይ ሰው ሲለምኑ አየችና ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ግድግዳውን ተደግፋ ትንፋሿ እስኪመለስ ቆመች። ከዚያ ገብታ ከፊታቸው ወንበር ስባ ተቀመጠችና ማንን እንደሚለምኑ ጠየቀቻቸው። ነገሯት። የዚያን ቀን ለሚናስ ደውላ ይህንኑ አወራችው፤ እሱም ለመጀመሪያ ጊዜ ስልኩን ለመዝጋት አልቸኮለም። ለገና መጣ። አሁንም ሥራው ቀዝቀዝ ሲልለት ይመጣል፤ አንዳንዱ ጉብኝት በጭቅጭቅ ያልቃል፣ አንዳንዱ በሳቅ። እስካሁን ግን አልቀረም። መጠለያው ውስጥ ማይሙና አንዲት ወጣት ቀጥረው ያለማምዳሉ፣ ለፀደይም በየጊዜው ደውለው ይቆጧታል፣ ያማክሯታልም።

ሀዊ ሆስፒታል ከርማ ሲሻላት ወደ አገሯ የመለሰቻት ሐዲጃ ናት፤ ሱቋን ዘግታ፣ በባቡር፣ እናቷ እጅ ድረስ። ሁንዴ አልተገኘም። ሀዊ አንድ ጊዜ ዳንኩ ብላ መድኃኒቱን ትታ ታመመች፣ እንደገና ጀመረች። ድምፁ ጨርሶ አልጠፋም፤ ከሩቅ ሆኗል ትላለች።

ፀደይ ወደ መጨረሻው ዓመቷ ስትገባ ሀዊ ደወለችላት። ያመማት መስሏት ደነገጠች። አልነበረም። አንድ የሰፈሯ ልጅ ለጋብቻ ጠይቋታል።

«ልንገረው ወይስ አልንገረው እትዬ? እናቴ ዝም በይ ትለኛለች።»

«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

ረጅም ሰዓት አወሩ። ሀዊ ደብቃው ብታገባው በየማታው መድኃኒቷን የት ተደብቃ እንደምትውጥ ራሷ አሰበችና ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች። በመጨረሻ እነግረዋለሁ አለች።

ነገረችው። ልጁ አልሸሸም፣ እሺም አላለም፤ የማስቢያ ጊዜ ስጪኝ ብሏታል። ሀዊ በየሳምንቱ እየደወለች «እስካሁን ምንም አላለም» ትላለች። ፀደይም ስልኩ በጮኸ ቁጥር ፈጥና ታነሳለች።